የጋሼ ብሎን ሳጥን

የጋሼ ብሎንን ስም ከቅጹ ላይ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ይኼን ሳልናገር ሌላውን ብወቅስ አያምርብኝም።

የፊዚክስ ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ጋሼ ብሎን የክፍሉ ወርክሾፕ ቴክኒሻን ናቸው፤ ኪሳቸው ብሎን አጥቶ ስለማያውቅ ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። በሠላሳ አንድ ዓመት ያልጠገኑት መሣሪያ የለም። በመጨረሻ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ እየቆዩ፣ አንድ የመስታወት ሳጥን ሠሩ። ከሥሩ ሞተር፣ ውስጡ የኩሽኔታ ብዮች አሉት። ሞተሩ ወለሉን ሲያንቀጠቅጠው ብዮቹ እየዘለሉ ቀላሏን ክዳን ወደ ላይ ይገፏታል። ፍጥነቱ ሲጨምር እሷም ከፍ ትላለች። “ጋዝ ሲሞቅ የሚያደርገው ይኸው ነው” ብለው ሲያሳዩኝ፣ ተማሪ ሳለሁ ስንት ዓመት ያልገባኝ ነገር ባንድ አፍታ ገባኝ።

ጡረታቸው ደርሶ ነበር። ከመውጣታቸው በፊት የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዓመታዊው የሜካኒክስ፣ የቴርሞዳይናሚክስና የካይኔቲክ ቲዮሪ ሲምፖዚየም ላይ ቆመው ሳጥናቸውን በገዛ አፋቸው ማስረዳት።

ለሲምፖዚየሙ ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት ቅጽ ይልካል፤ እኔ እሞላለሁ፣ ኃላፊያችን ይፈርማል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አፌ እሺ አይለኝም። ያን ዓመት አቅራቢ በሚለው ላይ የጋሼን ስም ሞልቼ አቀረብኩለት። የቀረበለትን ሁሉ ሳያነብ የሚፈርም ሰው፣ ያን ቀን ምን እንደታየው እንጃ፣ አነበበ። ቴክኒሻን አቅራቢ ብለን ልከን ልናፍር ነው ወይ አለና የራሱን ስም አስገቢ አለኝ። የጋሼን ሰርዤ አስገባሁ። እጄ በተቆረጠ። በማግስቱ ጸጸት ሲገርፈኝ ይስተካከል ብዬ ለመንኩት። “ቅጹ ከሄደ በኋላ ስም አይቀየርም፤ ደንብ ነው” ብሎ አፌን አዘጋኝ።

ገንዘቡ መጣ። ለባነር፣ ለቦርሳ፣ ለአዳራሽ ማስዋቢያ ዋለ። ፎቶ አንሺው እንኳ ባጅ ተሠራለት፤ ለጋሼ ብሎን ግን የለም።

ቀኑ ደርሶ ኃላፊው ሞተሩን አስነሳ። ክዳኗ ንቅንቅ አላለችም። ለካ ለእንግዶቹ እንዲያብረቀርቁ ብሎ ብዮቹን ዘይት አስቀብቷቸዋል! ተጣብቀው ወለሉ ላይ ቀሩ። ሰው መሳሳቅ ሲጀምር ኃላፊው በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ ሮጬ ጋሼን ከወርክሾፕ አመጣኋቸው። በሩ ላይ ጥበቃው ባጅ የለዎትም ብሎ አቆማቸው። የራሴን አውልቄ አንገታቸው ላይ አጠለቅኩላቸው።

ጋሼ ብዮቹን በአልኮል አጥበው አደረቁ። ክዳኗ ተነሳች፤ አዳራሹ አጨበጨበ። የድርጅቱ ተወካይ ማን ሠራው ብላ ብትጠይቅ፣ ያ ዓይን አውጣ ማይኩን ሳይለቅ በእኔ መሪነት የተሠራ ነው አላት። ጋሼ ጨርቃቸውን አጣጥፈው ወጡ። ደጅ ላይ ባጄን ሲመልሱልኝ “ምንም አይደል ልጄ፤ ዋናው ክዳኗ መነሳቷ ነው” አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በወሩ ጡረታ ወጡ። የከርሞው ቅጽ ሲመጣ ዋና አቅራቢ የሚለው ላይ ሙሉ ስማቸውን ጻፍኩ። ከሌሎች የሚፈረሙ ወረቀቶች መሃል አድርጌ አቀረብኩለት፤ እንደ ልማዱ ፈረመ።

ትናንት የድርጅቱ የፈቃድ ደብዳቤ መጣ። ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ ገባ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ሰውዬው ጡረተኛ ነው፣ አሁኑኑ አስተካክይ አለኝ።

“ቅጹ ከሄደ በኋላ ስም አይቀየርም ጌታዬ፤ ደንብ ነው” አልኩት።

እዚያው እንደቆመ ስልኩን አንስቼ ለጋሼ ብሎን ደወልኩ።