እናቴ የሞከረችው ባለ ክዳን ጠረጴዛ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰላም "እማ፣ ነይ ጠረጴዛ አስመርጪኝ" ብላ ቤቴል ሰፈር ወዳለ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። አሮጌ የቤት ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ነው። አሮጌ ስል ተቆጣችኝ፤ "አንቲክ" ነው የሚባለው አሉ። በእኛ ጊዜ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው አዲሱን መግዛት ያቃተው ሰው ነበር፤ ዘንድሮ የተገላቢጦሽ ሆነ። ይሁን እሺ። ገና ከመግባታችን ግን ባለሁበት ቆምኩ። ከግድግዳው ሥር ባለ ክዳን የጽሕፈት ጠረጴዛ ቆሟል። ሰላም በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች፤ እኔ ግን አርባ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ አናጢው ጋሽ ወልዴ ግቢ ውስጥ ነበርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ አርፏል፤ እናቴ ኮልፌ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች፤ ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ሄዷል። ደብዳቤው አልፎ አልፎ ይመጣል። እማዬ ፊደል ስለማታውቅ አንባቢዋ እኔ ነኝ። እጇን በመቀነቷ ጫፍ ጠርጋ ትቀመጣለች፣ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ስጨርስ ወረቀቱን ስማ አልጋ ሥር ካለው ሣጥን ትከተዋለች።

በነሐሴ የመጣው ደብዳቤ ግን ሌላ ነበር። መሃሉ ላይ፣ "እህቴ፣ ይህን ለእማዬ ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ፤ ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች ተቆርጧል፤ አሁን ሆስፒታል ነኝ" ይላል። እዚያ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

"ምነው ዝም አልሽ? ምን ይላል?" አለች እማዬ።

"ደህና ነኝ ይላል። እዚያም ዝናቡ በርትቷል ይላል።"

ምን ላድርግ ታዲያ? በእኛ አገር ክፉ ወሬ ተነስቶ ዝም ብሎ አይነገርም። መርዶ እንኳ በማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በትልቅ ሰው አፍ ነው የሚረዳው። እኔ አንዲት ፍሬ ልጅ በምን አቅሜ? ቀስ ብለሽ አይደል ያለኝ፣ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ለከነገ ወዲያ አሳለፈኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር ዋሸሁ። እንጀራው አልዋጥ እያለኝ፣ "ልጄ ከሳሽ" ስትለኝ ለትምህርቱ አሳበብኩ።

የባሰው ደግሞ እማዬ በዚያው ሰሞን ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ገብታለች። ከገበያ መልስ በርበሬ በርበሬ የሚሸት ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች፤ አውቶቡስ ውስጥ የየሱቁን ስም ጮክ ብላ ስታነብ ሰው ይስቃል። እኔ እኮራለሁ፤ ወዲያው ደግሞ አልጋ ሥር ያለው ሣጥን ትዝ ይለኛል። አንድ ቀን ያንን ሣጥን ትከፍተዋለች! ከዚያ ውሸታም ልጇን በምን ዓይን ታየኛለች? የታደሰ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ነው፣ እንኳን ለጀማሪ ለእኔም ያስቸግራል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ጥቅምት ላይ እማዬ ዕቁብ ደረሳትና "የቤት ዕቃ ልገዛ ነው" አለች። የክርስትና እናቴ እትዬ አስካለ ወሬውን እንደሰማች ነጠላዋን ለብሳ ከተፍ አለች። ምርጫው ለእርሷ አልቋል፦ ቡፌ ነው፣ ባለ መስታወት ቡፌ፣ ብርጭቆ የሚደረደርበት። ሦስት ሆነን ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ወልዴ በልጅነታቸው ከዳውሮ መጥተው ኮልፌ የኖሩ አናጢ ናቸው፤ አገር ለቀው የሚሄዱ ሰዎችን ዕቃ እየገዙ፣ አድሰው ይሸጣሉ።

ቡፌውም ነበር፣ ያማረ። እማዬ ግን አልፋው ሄደች። ጥግ ላይ ካለው አንድ ቁመታም ዕቃ ፊት ቆመችና መሳቢያዎቹን እየሳበች እንደ በርበሬ ታሸት ጀመር። እናቴ ያላሸተተችውን አትገዛም።

"ሻጋታ የለውም" አለች።

"እቴ! ይሄ ቁምሳጥን በሩ ወልቋል እኮ" አለች እትዬ አስካለ፣ ክዳኑ ወደ ፊት ዘፍ ሲልባት።

ጋሽ ወልዴ ሳቁ። "በር አይደለም፣ የኔ እህት። ወርዶ መጻፊያ ነው የሚሆነው።" ከሥሩ ሁለት እንጨት ሳብ አድርገው ክዳኑን አሳረፉበት። በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው አሉ፣ ዋንዛ ነው። ውስጡን ሳይ ደነቀኝ፤ ትንንሽ መሳቢያ፣ የደብዳቤ መሰኪያ፣ ጣት የምታክል ቁልፍ። ቤት ውስጥ ሌላ ቤት ያለ መሰለኝ።

ጋሽ ወልዴ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ጠረጴዛ ሳይጻፍበት አይሸጡም። ከተነቃነቀ ፊደሉ ይናገራል ይላሉ። እናም ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ዘርግተው፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አውርደው ለእኔ ሰጡኝ፤ ተማሪ እኔ ነኛ።

እማዬ እርሳሱን ከእጄ ወሰደችው።

"እኔ ነኝ የምጽፍበት" አለች።

በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እርሳሱን እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ጨብጣ፣ ከንፈሯ አብሮ እየተንቀሳቀሰ፣ ፊደል በፊደል ጻፈች። ስሟን የምትጽፍ መስሎኝ በትከሻዋ በኩል አየሁ። እንዲህ ይላል፦

"ለልጄ ታደሰ። ስለ እግርህ አውቄአለሁ። አንተ ብቻ ና።"

እማዬ ቀና ብላ አላየችኝም። ወረቀቱን አጥፋ ከመሰኪያዎቹ አንዱ ውስጥ ከተተችና፣ "አይነቃነቅም፤ እወስደዋለሁ ጋሽ ወልዴ" አለች።

ሁለት ተሸካሚዎች ጠረጴዛውን ይዘው ቀደሙ። እትዬ አስካለ "ብርጭቆውን የት ልትደረድሪው ነው?" እያለች ተከተለቻቸው። እኔና እማዬ ወደ ኋላ ቀረን። አስፋልቱ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዝታ ለሁለት ሰበረችና ትልቁን ሰጠችኝ።

"መቼ አነበብሽው?" አልኳት።

"በመስቀል ማግስት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እግሬ የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ።"

"ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?"

"እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩሽ ነበር።" ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰድ አደረገች። "ቤቱ ውስጥ ሳትበዪ ስታድሪ አያለሁ። ሁለት ወር ብቻሽን ተሸከምሽው፣ ልጄ። በይ አሁን አውርጂው።"

እዚያው መንገድ ላይ፣ በቆሎዬን እንደያዝኩ አለቀስኩ። እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ያቺ ሴት የመጀመሪያ ንባቧ የልጇ እግር መቆረጥ ሆኖ፣ በነጋታው ገበያ ወጥታ በርበሬ ሰፍራለች፤ ማታ እኔን "ብዪ እንጂ" ብላኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ይተኛ ነበር፣ እኔ ግን አላወቅኳትም።

ታደሰ በዓመቱ በክራንች መጣ። እማዬ በፖስታ የላከችለትን ያቺን ቡናማ ወረቀት በደረት ኪሱ ይዟት ነበር። ጠረጴዛው ዛሬም እርሱ ቤት ነው፤ ሰላም ብትለምነው "ስሞት ትወርሺዋለሽ" ብሎ አሰናበታት። ለዚህ ነው ቤቴል ድረስ የሄድነው።

"እማ፣ እንዴት ነው ታዲያ?" አለችኝ ሰላም።

"ፎቶውን ተዪና ጻፊበት" አልኳት። ከቦርሳዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ሰጠኋት።

ተቀመጠች። "ምን ልጻፍ?"

"የማትነግሪኝን።"

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ጎንበስ አለችና ወረቀቱን በግራ እጇ ጋርዳ መጻፍ ጀመረች። በትከሻዋ በኩል ላነብ ቃጣኝ፤ ዓይኔ አሁንም አላረጀም። ግን ወንበር ስቤ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩና፣ እስክትነግረኝ ልጠብቃት ተቀመጥኩ።