ወይዘሮ ፀዳልና ተጎታች መኪናቸው

ወይዘሮ ፀዳል ወልደገብርኤል በስልክ ለቅሶ አይደርሱም። ሩቅ ከተማ ሰው ሞተ ሲባል፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ያለን አብዛኞቻችን ደውለን “እግዜር ያጥናችሁ” እንልና ወደ ሥራችን እንሄዳለን። እሳቸው ግን ሞተርሆማቸውን አስነስተው ይነሳሉ። የእድራችንን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከኮሎራዶ ውጭ አሥራ አንድ ለቅሶ ደርሰዋል፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው አባል ሦስት ነው የደረሰው።

ሞተርሆሟ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያላት፣ የአነስተኛ አውቶቡስ ያህል መኪና ናት። ለምን እንደገዟት ሲጠየቁ፣ “ያዘነ ሰው ቤት ሄጄ አልጋ አንጥፉልኝ ልበል?” ይላሉ። ከኋላዋ አንዲት ትንሽ መኪና ትጎትታለች። ሞተርሆም አፓርትመንት ግቢ ውስጥ አይዞርም፤ ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ወደ መቃብርም የሚሄዱት፣ አቅመ ደካሞችንም የሚያመላልሱት በትንሿ ነው።

ችግሩ የመጣው በትንሿ ነው። አራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆኖ የሚጎተት መኪና መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉ አንድ ደረጃ ዞሮ መቆየት አለበት። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ባትሪው ግን ሥራ ላይ ነው። በዚያ ላይ በትንሿ መኪና ውስጥ፣ የሾፌሩ እግር ማረፊያ ላይ የተቀመጠ አንድ ሳጥን አለ፤ ሞተርሆሙ ፍሬን ሲይዝ የትንሿን መኪና ፍሬን የሚረግጥላቸው እሱ ነው። እሱም የሚበላው ከዚያው ባትሪ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ለአንድ ለቅሶ ስምንት ሰዓት ሙሉ ነድተው ዊቺታ የምትባል ከተማ ደረሱ። ገና ሳይወርዱ የለቅሶው ድምፅ ተሰማቸው። በእኛ ወግ ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ደጅ ቆሞ ዕቃ አይነካካም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። የትንሿ መኪና ቁልፍ እንደዞረ አደረ።

በማግስቱ የቀብሩ ሰዓት ሲደርስ ባትሪው ሞቶ ተገኘ። የሟቹ ወንድም የሬሳውን መኪና አስቁሞ፣ በሐዘን ልብሱ ኬብል ይዞ መጣ። ወይዘሮ ፀዳል ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል፤ በበረዶ ጠዋት የስንቱን ጠበቃ መኪና በኬብል ጃምፕ አድርገው አስነስተዋል። ሲመለሱ ለእኔ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ላግዝ ሄጄ ታግዤ መጣሁ።”

ቶርንተን የሚኖረው ልጃቸው ናታን ይህን ሲሰማ ገስግሶ መጣ።

“ማም፣ ኢናፍ! ሽጪው። ፕሌን አለ እኮ።”

“ፕሌን ላይ የወጥ ድስት ይዤ ልግባ?”

“ስልሳ ሦስት ዓመትሽ ነው። ሰው የሌለበት ሜዳ መሃል ባትሪ ቢሞትብሽስ?”

“ባትሪው ነው የሞተው፣ እኔ አይደለሁም።”

“ኦኬ። ሌላ አንድ ጊዜ ከሞተ የሞተርሆሙን ቁልፍ ለእኔ ትሰጪኛለሽ። ዲል?”

“አንድ ጊዜ ከሞተ ውሰደው” አሉ ወይዘሮ ፀዳል። “ካልሞተ ግን ይህን ወሬ ዳግም እንዳልሰማ።”

ወሬው ኦሮራን አዳረሰ፤ መካሪውም በዛ። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው ኤሊያስ ግን መፍትሔውን አውቃለሁ አለ። “እትዬ ፀዳል፣ ምን ያስጨንቅዎታል? እኛ አዲስ አበባ አሮጌ ታክሲ ስንነዳ ማታ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ነቅለን ነበር የምንተኛው። ጠዋት ስንመልሰው ይነሳል።”

“እሱ ቆሞ ለሚያድር መኪና ነው፤ የኔዋ ትሄዳለች።”

“ይሞክሩት እስቲ!”

ኅዳር አሥራ አምስት ቀን ለሙከራ ወደ ተራራው ወጣን። እሳቸው ይነዳሉ፣ ኤሊያስ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ። ከኋላ የምትጎተተው የትንሿ ባትሪ ገመድ ተነቅሏል። መውጣቱ ሰላም ነበር። ተራራውን ሰንጥቆ ከሚያልፈው ትልቅ የመኪና ዋሻ ወጥተን ወደ ዴንቨር ስንወርድ፣ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳንሄድ፣ ኤሊያስ አፍንጫውን አነሳ።

“እትዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?”

“ፍሬኔ ነው።”

“ምነው?”

“ኋላ ያለው ሳጥን አይረግጥማ! ባትሪውን ነቅለህበት በምን ይርገጥ? ያንን ሁሉ ብረት የያዝኩት እኔ ብቻዬን ነኝ።”

“እርስዎ አይደሉ እንዴ እሺ ያሉት?”

“ዝም በልና ጸልይ።”

ማርሹን ዝቅ አድርገው፣ ፍሬኑን እየያዙ እየለቀቁ፣ የመንገዱ ዳር ሰፋ ያለበት ጋ አቆሙ። ከጎማው ጭስ ይወጣ ነበር። ኤሊያስ ወርዶ ገመዱን መለሰ፤ እሳቸው መሪውን እንደያዙ አሰቡ። “ባትሪው እንዲተኛልኝ አይደለም የምፈልገው” አሉ በመጨረሻ። “እየሠራ እንዲበላ ነው።”

በሚቀጥለው ሳምንት የመኪናዋን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። ከዚያ ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ኤሌክትሪሺያን አጠገብ ቆመው አሠሩ፦ ከሞተርሆሙ ዲናሞ ተነስቶ፣ በመጎተቻው በኩል አልፎ፣ የትንሿን መኪና ባትሪ እየሄደ የሚሞላ ወፍራም ሽቦ፤ በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ። ባትሪ እንዳይበላ የሬዲዮውን ፊውዝ ራሳቸው ነቀሉ። ፎርት ሞርጋን ደርሰን ስንመለስ የባትሪውን ጉልበት ሁለት ጊዜ ለኩ። ሲነሱ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ቮልት፤ ሲመለሱም አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ሽቦው የሚሞላው ሞተርሆሙ ሲሄድ ነው። ከቆመ በኋላ የትንሿ ቁልፍ ሳይጠፋ ካደረ፣ ዊቺታ የደረሰው ይደገማል።

መጋቢት ሁለት ቀን ታላቅ እህቴ ሳራ ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ አረፈች። እኔ በዚያው ቀን በረርኩ። በማግስቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በመስኮት ሳይ፣ ሞተርሆሟ ከግቢው ውጭ መንገድ ዳር ቆመች። ሴቶቹ ሊቀበሏቸው ደጅ ወጥተው ለቅሶውን አስነሱት። ወይዘሮ ፀዳል ግን አልመጡም። ወደ ኋላ ዞረው የትንሿን መኪና በር ከፈቱ፤ ቁልፉን አጠፉ፤ ሳጥኑን ነቅለው አወጡ፤ ከዚያ በረዶው ላይ ተንበርክከው መጎተቻውን መፍታት ጀመሩ። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀባቸው። ደጅ ያሉት ሴቶች ለቅሷቸውን ውጠው ይጠብቃሉ።

አክስቴ አያልነሽ መታገስ አልቻለችም። “ሴትዮዋ ለቅሶ ነው የመጣችው ጋራዥ?”

ወይዘሮ ፀዳል እጃቸው በግሪስ እንደጠቆረ ደረሱ። “ሰምቻለሁ፣ እመቤቴ። ነገ እርስዎን ቀብሩ የምታደርሰው ይህቺ መኪና ናት፤ ቅድሚያ የሷ ነው። አሁን እናልቅስ።”

ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ገቡ። እህቴን ያገኟት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ያን ቀን እንደሳቸው ያለቀሰላት ከቤተ ዘመዱም ብዙ አልነበረም።

ሌሊቱን በረዶ ጣለ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እናቴን ደግፌ አወጣሁ፤ ጉልበቷ ስለሚያማት የዘመዶቹ ትልቅ መኪና ላይ መውጣት አትችልም። ወይዘሮ ፀዳል የትንሿን መኪና መስታወት ጠርገው ገቡ። ቁልፉን ሲያዞሩ አክስቴ አያልነሽ ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ አየች። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ።

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። ናታን ነበር፤ በስፒከር ሰማነው።

“ማም፣ ተነሳ?”

“ሬሳ እየሸኘሁ ነው፣ ናታን። ቁልፉን ግን ሌላ ሰው ዘንድ ፈልግ።”

ስልኩን ዘግተው ወደ እናቴ ዞሩ። “ቀበቶዎን ልሰርልዎት” አሉ፤ አሰሩላትና ከሬሳው መኪና ኋላ ተሰለፉ።