ሴራ ሶቺ

ልጄን ፈልገው ሲመጡ ድንች እየላጥኩ ነበር። ተማሪው የታመሰበት ሰሞን ስለሆነ ዳሪሙ የምትኖረው እህቴ ዘንድ ሸሽጌያት ነበር። ቤቱን ፈትሸው ሲያጧት የኃላፊያቸው ዓይን ግድግዳው ላይ ካለ ሥዕል ላይ አረፈ። ልጄ በእርሳስ የሣለችው፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የተዘናፈለ ፈረንጅ ነው። ከሥሩ በአፋን ኦሮሞ «ሴራ ሶቺ» ብላ ጽፋለች።

ኃላፊው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ቋንቋውን አይሰማም። ፊደሉን ቆጥሮ አነበበና «የምን ሴራ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወደ አንዱ ፖሊስ፣ ቋንቋውን ወደሚሰማው የመቱ ከተማ ልጅ ዞረ።

«ሶቺስ ምንድን ነው?»

«እንቅስቃሴ፣ ጌታዬ።»

ሴራ በአፋን ኦሮሞ ሕግ ማለት እንደሆነ ፖሊሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እሱ ያልተጠየቀውን አልመለሰም። እኔም ከፍርሃት ድንቹን መላጤን ቀጠልኩ።

«ይሄ ጸጉራም መሪያቸው ነው?»

«የሞተ ይመስለኛል» አልኩ።

ቢላዋውን ከእጄ ተቀብለው ይዘውኝ ሄዱ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ገለባ ገለባ ይሸታል፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ የለም። ከሁሩሙ የተያዘች አንዲት የፊዚክስ መምህርት ቀድማኝ ገብታለች። ሲያባራ የሆነውን ነገርኳት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ጎኗን እስኪያማት ሳቀች።

«እትዬ፣ እሱን ሰውዬማ እኔም ስንት ዓመት አስተማርኩት! ወንጀሉ እሱ ከሆነ አብረን ነን።»

ፍሬን ከዛፍ የሚጥለውና ጨረቃን ከመንገዷ እንዳትወጣ የሚይዛት አንድ ኃይል መሆኑን ያሳየ ሊቅ ነው አለችኝ። ከሦስቱ ሕጎቹም የመጀመሪያውን ነገረችኝ፤ የቆመ ነገር ካልገፉት እንደቆመ ይኖራል።

«ይሄንንማ አህያ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል።»

«በስሌት ያሰረው ግን እሱ ነው» አለች።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። «ልጅቷ ያለችበትን ጠዋት ይነግሩኝና ቤትዎ ይገባሉ» ብሎኛል ኃላፊው። እምቢ ብል ምን ያደርጉኛል?

«የእነዚህ ሊቃውንት እናቶች እንዲህ ያለ ነገር አግኝቷቸው ያውቃል?» ስል ጠየቅኳት።

ሳቋን ተወች። ከጸጉራሙ በፊት የኖረ፣ ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ የሚሄዱበትን መንገድ ያወቀ ሊቅ ነበር አለች። እናቱን ጠንቋይ ናት ብለው በሰንሰለት አሰሯት። ያልተማረች አሮጊት ናት። የማሰቃያውን ብረት እያሳዩ ተናዘዢ ቢሏት እምቢ አለች። ልጇም ሥራውን ትቶ መጥቶ ተሟገተላት።

«ተፈታች?»

«ተፈታች፣ እትዬ።»

ከዚያ ወዲያ ብዙ እንዳልኖረች የነገረችኝ ከወጣን በኋላ ነው።

ጠዋት ኃላፊው ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«ሴራ በአፋን ኦሮሞ ሕግ ነው» አልኩት። «የትምህርት ነገር ነው።»

የመቱው ፖሊስ አሁን ሲጠየቅ «እውነቷን ነው» አለ።

«እና ሕጉ ምን ይላል?»

«የቆመ ነገር ካልገፉት አይንቀሳቀስም ይላል።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጅቷስ የት ናት?»

አላውቅም ማለት ይቀል ነበር።

«ያለችበትን አውቃለሁ» አልኩት። «አልነግርዎትም። ሥዕሏን ግን ይስጡኝ።»

አጥፎ ገፋ አደረገልኝ። እኔንም ወደ መጋዘኑ መለሰኝ። እስክፈታ ድረስ ሥዕሉ ከጉያዬ አልወጣም።

ዛሬ ልጄ ኡካ ከተማ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። መንገድ በወጣች ቁጥር አሁንም ልቤ ይሰጋል። ሥዕሉ ከነእጥፋቱ ግድግዳዬ ላይ ነው። አጠገቡ ያቺን በሰንሰለት የታሰረችውን አሮጊት ሥዪልኝ ብዬ ልጄን ለምኛት ሣለችልኝ፤ ነጠላ አልብሺያት ያልኳትም እኔ ነኝ።

«እዚያ አገር እኮ ነጠላ የለም፣ እማዬ።»

«ይብረዳት ታዲያ?» አልኳት።

እንግዳ ማናት ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የአንድ ልጅ እናት ናት እላለሁ።