ያልታጠበው ኮት

መጀመሪያ የያዘኝ ወገቤን ነው። ከምንጭ ውኃ ቀድቼ ተመልሼ እንስራውን ከጀርባዬ ላወርድ ስል አልታጠፍ አለኝ። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ ብርድ መትቶኝ ይሆናል አልኩና ተውኩት። ወዲያው ጥርሴ መንቀጫቀጥ ጀመረ። ከዓይኖቼ ኋላ የሚቀጠቅጥ ራስ ምታት ተነሣብኝ፤ በበሩ የሚገባውን ብርሃን እንኳ ማየት አቃተኝ።

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ በሽተኛ አስተኝተው ተስፋ ለቆረጡ ሰዎች ነው። «አይዟችሁ፣ ሁሉም ያልፋል» ብዬ ልሸነግላችሁ አይደለም። እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። ተስፋ በሌለበት የተደረገልኝን ነው የምነግራችሁ።

ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት፣ የየካቲቱ ፍጅት ያለፈበት ክረምት ነበር። የምንኖረው ኮልፌ፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ፣ በባሕር ዛፍ መሐል በሚያልፈው ጭቃ መንገድ ዳር ነው። ባሌ ግርማ አናጢ ነበር። በየካቲት አንድ ቀን ጠዋት ለሥራ ወደ አራዳ እንደወጣ ቀረ። ግርግሩ ጋብ ሲል አብሮት የሚሠራ ሰው ኮቱን ይዞልን መጣ። ግርማ ሥራ ሲጀምር ኮቱን አውልቆ ምስማር ላይ መስቀል ልማዱ ነበር፤ እዚያው እንደተሰቀለ ነው የተገኘው። ሬሳውን ያየ የለም።

እናቱ እማማ አስካለ ከእኛ ጋር ነበሩ የሚኖሩት። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው አጭር፣ ሲመርቁ እንኳ የተቆጡ የሚመስሉ። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ልብስ ይዘረጋል። እኛም ኮቱን ሰሌን ላይ ዘርግተን፣ የሚያልፍ ወታደር እንዳይሰማን የነጠላችንን ጫፍ አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን አለቀስንበት። ለቅሶው ሲያበቃ እማማ አስካለ ኮቱን አንስተው ለበሱት። ከዚያ ወዲያ አላወለቁትም። ሐዘንተኛ ልብሱን አያጥብም፣ አይለውጥም፤ ወጉ ስለሆነ ማንም ምን ነካዎት አላላቸውም። በክረምቱ ብርድ ደግሞ እኔና እሳቸው አንድ መደብ ላይ እየተኛን ያንኑ ኮት በላያችን እንደርበው ነበር። የእንጨት ፍቅፋቂና የእሱ ላብ ይሸታል። እኔም አሽትቼዋለሁ፤ አልዋሽም።

አንድ ነገር ግን እንቢ አሉ። የነፍስ አባታችን ለፍትሐት የግርማን የክርስትና ስም ሲጠይቋቸው፣ «ሬሳውን ሳላይ የልጄን ስም ከሙታን ጋር አላስጠራም» አሉ። አርባውም ሰማንያውም እንዲሁ አለፈ። ስሙን እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን እናቱ ዝም ባሉበት እኔ አፌን አልከፍትም። ባሌ ከሞቱትም ከሚኖሩትም ሳይቆጠር ቀረ። ከሐዘኑ ይልቅ ይህ ነበር የሚያቃጥለኝ።

በሐምሌ መጀመሪያ አንዲት ጎረቤታችን ታመመች። ሰው ሁሉ ደጇን ሸሸ። እማማ አስካለ «ሂጂ፣ ውኃ አጠጫት። ክርስቲያን ነሽ» አሉኝ። ሄድኩ። አጠጣኋት፣ አገላበጥኳት፣ እጄ ላይ ሞተች። የታመምኩት ከዚያ በኋላ ነው። መደብ ላይ ወድቄ «ክርስቲያን ነሽ» ያሉኝን እያሰብኩ እማማ አስካለን በልቤ እረግማቸው ነበር።

ተስቦ የገባበትን ቤት ጣሊያኖቹ ያቃጥሉታል ስለሚባል በሽተኛ ይደበቅ ነበር። በጓሮ በኩል እየገባ የሚያየን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ወልዴ ይባላል። ከጦርነቱ በፊት ሚሲዮን ሐኪም ቤት ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ማለት ነው፣ ሆኖ የሠራ የጉራጌ ልጅ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ሐኪም ወልዴ» ነው የሚለው። ልብሴን ገልጦ ሆዴንና ደረቴን አየ። ቀይ ነጠብጣብ ወጥቶብኝ ነበር።

«ተስቦ ነው፤ በሐኪም ቋንቋ ታይፈስ። መድኃኒት የለኝም» አለ። «ውኃ በብዛት ስጧት። ፀጉሯን ላጯት። የለበሰችውን ሁሉ አፍሉት፤ የእርስዎንም ጭምር።»

«ይሄን ኮት ማለትህ ነው?» አሉ እማማ አስካለ።

«እሱን ከሁሉ በፊት። በሽታውን የሚያዛምተው ቅማል ነው። ቅማል ደግሞ የሚያተኩስ ገላ ላይ አይቆይም፤ አሁን እሷን እየተወ ወደ እርስዎ እየመጣ ነው።»

«ይምጣ» አሉ።

ፀጉሬን ላጩኝ። ልብሴን አፈሉት። ኮቱን ግን አላወለቁም።

ከዚያ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ጆሮዬ ተደፈነ። ምላሴ ደርቆ እንጨት ሆነ። ጣራው ወደ እኔ ይወርዳል። ግርማ በሩ ላይ ይቆማል። ኮቱን ይፈልጋል። በርዶታል። «ስጡት» እያልኩ እጮሃለሁ። ማንም አይሰጠውም። ከሥሬ እርጥብ ይሆናል። የሆነ እጅ ያነሣኛል። ውኃ ጉሮሮዬን ያቃጥለዋል። እግዚአብሔርን አልጠራሁም። ጥሩልኝም አላልኩም። መሞት ብቻ ነበር የምፈልገው፤ እሱንም በቅጡ ለመፈለግ አቅም አልነበረኝም።

በዚያ መሐል የሆነውን በኋላ እራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ሐኪም ወልዴ ተመልሶ ሲመጣ እማማ አስካለ በኮቱ ላይ አንገታቸውን ሲያኩ አገኛቸው። አልተቆጣም። «እማማ፣ እርስዎ መሞት ከፈለጉ እኔ ምን አደርጋለሁ» አላቸው። «እርስዎ የወደቁ ቀን ግን ለዚህች ልጅ ውኃ የሚሰጣት ማነው?»

እሱ ይህን ብሎ ሄደ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ግርማ ጥሎት የሄደውን የጣሊያን ቤንዚን ቆርቆሮ ውኃ ሞሉና ጉልቻ ላይ ጣዱት። እርጥቡ እንጨት አልነድ ብሎ በጭስ ሲያስለቅሳቸው ዋለ። ውኃው ሲፈላ እንዶድ ቀጥቅጠው ጨመሩበት፤ ኮቱን አወለቁ፤ አንድ ጊዜ ፊታቸውን ቀበሩበትና ጣሉት። በዱላ እየደፈቁ አገላበጡት። ሱፍ ስለነበር ከወጣ በኋላ ተኮማትሮ፣ የእሳቸውን ትከሻ እንኳ የማይችል ሆነ። ግርማ ግድግዳው ላይ ከመታው ምስማር ላይ ሰቀሉት።

«ሳሸተው እንዶድ ብቻ ነው» አሉኝ። እንባም አላወጡ። «እሱ ይኑር አይኑር አላውቅም። አንቺ ግን ትተነፍሺ ነበር። ጌታ ያዘዘኝ የሚተነፍሰውን እንዳጠጣ ነው።»

አንድ ቀን ላብ አሰመጠኝ፤ መደቡ ሁሉ ራሰ፤ ከዚያም ገላዬ ቀዘቀዘ። ሐኪም ወልዴ እጄን ይዞ «ትኩሳቱ ወርዷል» ሲል የሰማሁት ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ቀኖቹ ረዘሙ። የዝናቡ ድምፅ ወደ ጆሮዬ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ እማማ አስካለ የአጃ አጥሚት በቅል ማንኪያ እየጨለፉ፣ እምቢ ስል እየተቆጡ፣ ስውጥ ደግሞ ዝም እያሉ፣ እንደ ሕፃን ያጎርሱኝ ነበር። እሳቸውም ከኔ ጋር ራሳቸውን ተላጭተው ስለነበር አንድ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን ሲያዩኝ ቆዩና «ሁለት ቅል» አሉ። ከየካቲት ወዲህ በዚያ ቤት የተሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጀርባዬ ላይ በመተኛት ብዛት የተከፈተውን ቁስል በሞቀ ውኃና በጨው እያጠቡ፣ ሳለቅስ «አልቅሺ፣ ሕመሙ ከገባሽ ሕያው ነሽ» ይሉኝ ነበር። በልቤ የረገምኳቸውን ሴት እማማ ማለት ሳይሆን እናቴ ማለት ያማረኝ በዚያ ሰሞን ነው።

ከዚያም አንድ ጠዋት ግድግዳውን ይዘው ሲቆሙ አየሁ።

«ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ወገቤን» አሉ።

ገባኝ። እሳቸውም ገብቷቸዋል።

ሐኪም ወልዴ መጣ። አያቸው። ወደ ውጭ ጠራኝ። ግድግዳ ተደግፌ ወጣሁ። «ኮቱ ሳይፈላ በፊት ነው የገባባቸው» አለ። «በዚህ ዕድሜ ልብ አይችለውም። ደብቄሽ አይጠቅምሽም።»

አስታመምኳቸው። መቆም አልችልም ነበር። በእንብርክኬ እሄድ ነበር። ውኃ አጠጣለሁ፤ መዋጥ ሲያቅታቸው በከንፈራቸው አንጠፈጥፋለሁ። ይቃዣሉ፤ ግርማን ሕፃን ነው ብለው ያባብሉታል። ያን ጊዜ ጸለይኩ፤ ጸሎት ከተባለ። «ኮቱን ሰጡህ አይደለም እንዴ? ሌላ ምን ቀራቸው?» አልኩት እግዚአብሔርን። መልስ አልመጣልኝም። እስከ ዛሬም አልመጣልኝም፤ መጥቶልኛል ብዬ ብጽፍ ይህን ጽሑፍ በሽተኛ አጠገብ ሆናችሁ የምታነቡት ታውቁብኛላችሁ።

አንድ ከሰዓት ዓይናቸው ጠራ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮት አዩ።

«ዘነበች» አሉኝ። «ያን ኮት ከኔ ጋር አድርጊው።»

«እሺ» አልኩ።

«ስሙንም አብረሽ ስጪ።»

ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ቀብራቸው ላይ ሰው አልመጣም፤ ተስቦ ማንን ያስቀርባል። ሐኪም ወልዴና ሁለት ሰዎች ተሸከሟቸው። እኔ በዱላ ተደግፌ ከኋላ ተከተልኩ። የነፍስ አባታችን መጽሐፋቸውን ከዝናቡ በካባቸው ሸፍነው ቆመው ነበር። ከሰሌኑ ሥር፣ እማማ አስካለ ደረት ላይ፣ የተኮማተረው ኮት ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«የክርስትና ስማቸው?» አሉኝ።

«ወለተ ሐና» አልኩ። ቀጥዬም «ኃይለ መስቀል» አልኩ።

ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ። ኮቱን አዩ። ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ሁለቱንም ስም እየጠሩ ፈቱላቸው። ግርማ እንደዚያ ነው የተቀበረው፤ በእናቱ እቅፍ።

ወደ ባዶው ቤት ተመልሼ ገብቼ ተኛሁ። መነሣትም አልፈለግሁም። ሐኪም ወልዴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «አንድ ጊዜ የያዘውን ሰው ተስቦ እምብዛም አይመለስበትም» አለ። «እኔ ብቻዬን ነኝ። አስኮ ድረስ ሰው ወድቋል።» የሄድኩት መልካም ሴት ስለሆንኩ አይደለም። ያ መደብና ያ ባዶ ምስማር ስላስፈሩኝ ነው የወጣሁት። ቆርቆሮውን ተሸክሜ በሐኪም ወልዴ ኋላ በየቤቱ ዞርኩ። በሄድኩበት ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አገኝ ነበር፤ ከሞተ ባል የተረፈ በርኖስ፣ ከሞተች ልጅ የተረፈች ቀሚስ፣ ሳይታጠብ ተለብሶ ወይም ከትራስ ሥር ተሸጉጦ። ስጡኝ ላፍላው ስል ሰደቡኝ። አንዷ አመድ በተነችብኝ። እኔም ቁጡ ስለሆንኩ መልሼ እሰድብና እሄድ ነበር፤ በማግስቱ ግን ተመልሼ እሄዳለሁ። ካስታመምናቸው ብዙዎቹ ሞቱ። ጥቂቶቹ ዳኑ። አመድ የበተነችብኝ ሴት ከዳኑት አንዷ ናት፤ ቤቷ ስሄድ ዛሬም ስለ አመዱ እያነሣች ታስቀኛለች።

አሁን አርጅቻለሁ። ሐኪም ወልዴን እግዚአብሔር ነፍሱን ይማርልኝ፤ እውነቱን ሳይደብቅ፣ ደጃፋችንንም ሳይሸሽ አስታምሞናል። እማማ አስካለን ግን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም። ስለ እምነት ረዥም ወሬ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። የማውቀው እጃቸውንና ያጎረሱኝን አጥሚት ነው።

ለእናንተ ለምታስታምሙት የምለው ትንሽ ነው። ዛሬ ይህ በሽታ መድኃኒት አለው፤ ትኩሳቱ እንደጀመረ በሽተኛውን ሐኪም ቤት አድርሱት፣ አትደብቁት። ውኃ አታቋርጡበት። ጀርባው እንዳይቆስል አገላብጡት። ጆሮው ቢደፈንም አናግሩት፤ እኔ የእማማ አስካለን ቁጣ እሰማው ነበር። መጸለይ ካቃታችሁ አትደንግጡ፤ እጃችሁ ግን ሥራውን አያቁም።

የሟች ልብስ ለብሳችሁ ወይም ሸሽጋችሁ ከሆነም ስጡና ይፈላ። ሽታው ይሄዳል ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም። እማማ አስካለም ይህን እያወቁ ነው ውኃውን የጣዱት።