አባዬ ኤግዚቢሽን ያዩ ቀን

ባለፈው ሳምንት ክር ልገዛ ወደ ገበያ ስወርድ የድሮው አዳራሽ ሲፈርስ አየሁ። የፊት ግድግዳው ወርዶ ውስጡ ለመንገደኛ ሁሉ ይታያል፤ ሰማያዊው ቀለም፣ መድረኩ፣ ጣሪያው ሥር ጎጆ የሠሩት እርግቦች። ትንሽ ቆሜ አየሁና መንገዴን ቀጠልኩ። ደረቴ ውስጥ የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረም። ቤት ገብቼ ክሩን ስጠቀልል ግን አንድ የግንቦት ወር ቀስ እያለ መጣብኝ። የኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ሁሉም ነገር ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ።

ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ይዤ እሰፋለሁ። ዩኒፎርም፣ ቀሚስ፣ የተቀደደ ጃኬት። ዝናቡ ሊገባ ሲል ከተማው በአቧራና በባሕር ዛፍ ሽታ ይታፈናል፤ ከሰዓት በኋላ ከጮቄ ተራራ በኩል ደመና ይከመርና ሳይዘንብ ይበተናል። እኔም እንደዚያ ደመና ነበርኩ። ያሉኝን እሰፋለሁ፣ የሰጡኝን እበላለሁ።

ትርንጎ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ማርቆስ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ሥዕል ተምራ፣ ተመልሳ እዚሁ የምታስተምር ሴት ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ጸጉሯን አጭር ተቆርጣለች፤ ጣቶቿ ላይ ሁልጊዜ ቀለም አለ። ጆንያ፣ የቆዳ ቁራጭ፣ የተበጣጠሰ የሌሊት ልብስና ገመድ ተሸክማ መጣችና ጆንያውን ከሐር ጋር፣ ቆዳውን ከሻሽ ጋር እንድሰፋላት ጠየቀችኝ። ሰፋሁላት። ስሰፋ ቅርጹ እየታየኝ መጣ፤ ሆድ ነው፣ ጡት ነው፣ ዳሌ ነው።

«አያሳፍርሽም?» አለችኝ።

«ምኑ?»

ሳቀች። «ሌላዋ ሰፊ አልነካም ብላ መልሳልኛለች። አየሽ የሻረግ፣ በኛ አገር ስለ ሰውነታችን ያለው ወይ ስድብ ነው ወይ ዝምታ። እኔ ሌላ ሦስተኛ ነገር እየፈለግሁ ነው።»

እያደር ቤቷ እየሄድኩ መሥራት ጀመርኩ። ጓሮዋ ውስጥ ትልቅ የምትስቅ ሴት ቆማለች፤ ጭኖቿ ከስልቻ፣ ዳሌዋ ከሰፌድ፣ ጡቶቿ ከቅል የተሠሩ። በሌላ በኩል ከሁለት ወፍራም ገመዶች የተገመዱ ወንድና ሴት አሉ፤ የማን እጅ የማን እንደሆነ አይለይም። አንድ ቀን ትርንጎ ከገበያ ያመጣችውን የጠፍር አልጋ መካከል ላይ አኑራ ዙሪያውን ስትዞር አገኘኋት። ስለ ሴት የመጀመሪያ ሌሊት ልትሠራ ፈልጋ ምን እንደምታለብሰው ጠፍቷት ነው።

«አግብተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነገርኳት።

በሃያ ዓመቴ ነው የተዳርኩት፤ ትምህርት ስለገፋሁ ባገሩ ልማድ ዘገየች የምባል ነበርኩ። ሙሽራው ከሮብ ገበያ በላይ ነው፣ ብርድ አገር፤ በጥር ጠዋት ጠዋት የገብሱ ቃርሚያ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ደንቡን የማያውቅ የለም፤ ሙሽሪት ልጃገረድ ሆና ከተገኘች ደም የነካው ጨርቅ ለሚዜዎቹ ይወጣል፣ ይጨፈርበታል፣ ለወላጆቿም ይላካል። የኔ ጨርቅ ነጭ እንደሆነ ወጣ። ከዚያ ሌሊት በፊት የወንድ እጅ ነክቶኝ አያውቅም። በመጀመሪያው ሌሊት ደም የማይፈሳቸው ሴቶች ብዙ እንደሆኑ አንዲት አዋላጅ ነርስ የነገረችኝ በኋላ ነው። ያን ጠዋት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አላውቅም፤ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ምናልባት አንድ ነገር ሠርቼ ረስቼው ይሆን ብዬ አስብ ነበር። የሙሽራው እናት ጨርቁን አጣጥፈው ጭኔ ላይ አኖሩና በፈረስ ወደ አባቴ ሰደዱኝ።

አባዬ የአንድምታ መምህር ናቸው፤ መሪጌታ ይባላሉ። ስደርስ ዛፍ ሥር ተማሪዎቻቸውን እያስተማሩ ነበር። ቀና ብለው እኔን አዩ፤ ጨርቁን አዩ። ከዚያ ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። እናቴ ከፈረስ አውርዳ ድንች ቀቅላ ሰጠችኝ። ስለዚያ ቀን ማንም ሳይጠይቀኝ ወራት አለፉ፤ ኋላም ወደ ከተማ ወጣሁ።

ትርንጎ ባዶውን አልጋ አየችው። «ጨርቁስ?»

«ሣጥኔ ውስጥ አለ።»

«ስጪኝ ማለቴ አይደለም።»

«ውሰጂው» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። በማግስቱ አመጣሁላት፤ ምንም ሳትቀባው፣ ምንም ሳትሰፋበት አልጋው ላይ አነጠፈችው። ቀጥላም ጀርባዬን በጀሶ ልትቀዳ ጠየቀችኝ። ልብሴን አውልቄ በሆዴ ተኛሁ። ጀሶው ሲፈስስ ይቀዘቅዛል፤ ሊደርቅ ሲል ደግሞ ከውስጡ ይሞቃል። ያን ሙቀት አስታውሳለሁ፤ ሰው አቅፎኝ የማያውቅበት ቦታ ሁሉ ሞቀ። ሲላቀቅ ደግሞ በረደኝና ለበስኩ።

ኤግዚቢሽኑ በተከፈተ ዕለት ያ አሁን የሚፈርሰው አዳራሽ ሞላ። ተማሪዎች እየተገፋፉ ይስቃሉ፤ ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው የምትስቀዋን ሴት እየዞሩ ያያሉ። አንዲት ባልቴት ከአልጋው ፊት ቆሙ። ነጭ ጨርቅ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች ሴት የሚመስል የጀሶ ጀርባ፤ ሌላ ምንም የለም። «ውይ፣ ይቺ የተመለሰች ናት» አሉና ከንፈራቸውን መጠው አለፉ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ስለ ሌላ ሰው የተወራ መሰለኝ።

በማግስቱ ማጉረምረም ተጀመረ። ነውር ነው፣ ይዘጋልን የሚሉ የከተማው ሽማግሌዎች፣ የተማረ ሰው አይቶ ቢናገር ትርንጎም እሺ ትላለች ብለው ተመካከሩ። አባዬ ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ማርቆስ ገብተው ኖሮ እሳቸውን ለመኗቸው። ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ጭራና ዱላቸውን ይዘው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በበሩ ሲገቡ አየኋቸው። ልነሣና ልሸሽ ይገባኝ ነበር፤ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። በፊቴ ሲያልፉ አዩኝ፤ «ሰላም ዋልሽ» አሉኝ።

የምትስቀዋን ሴት ዓይናቸውን ሰብረው አለፉ። ገመዶቹንም አለፉ። አልጋው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጨርቁ ጠርዙ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መሥመር አለው፤ ሸማኔው ቀይ ክር አልቆበት በአረንጓዴ ሲጨርሰው፣ «የልጄን የሰርግ ሸማ አበላሸህ» ብለው የተቆጡት ራሳቸው ነበሩ። ያን መሥመር ሲያዩ አየሁ። ጭራቸው ቆመ።

«እንግዲህ መሪጌታ፣ ምን ይላሉ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

የጨርቁ አንድ ጥግ ወርዶ መሬት ነክቶ ነበር። አባዬ ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተንበረከኩ፤ ጥጉን አንሥተው አቧራውን አራገፉ፤ አልጋው ላይ መልሰው በመዳፋቸው አስተካከሉት። ትርንጎ ግድግዳው ጋ ቆማ ታያለች።

«መሪጌታ፣ ፍረዱልን እንጂ» አለ ሽማግሌው።

«ተከሳሽ ዳኛ አይሆንም» አሉ ሲነሡ። «ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም። ተያይተው ተከትለዋቸው ወጡ። ሌላ የሚፈርድ ሊቅ ስላላገኙ ነገሩ ቀዘቀዘ፤ ኤግዚቢሽኑ እስከ እሑድ ሰነበተ። ትርንጎ ጠቅልላ ወደ አዲስ አበባ ወሰደችው፤ ጨርቁንም እንድትወስድ ፈቀድኩላት። ዓመት ሳይሞላት እሷም ወደዚያው ተዛወረች።

በዚያው ዕለት ከአዳራሹ ስወጣ፣ አባዬ ሽማግሌዎቹን ሸኝተው በረንዳው ደረጃ ላይ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፊት ለፊታችን አንዲት ሴት ድንች በአዋዜ ትሸጣለች፤ ደመናው እንደ ልማዱ ተከምሯል።

«ያን ቀን፣» አሉ ወደ መንገዱ እያዩ፣ «ፈረሱን ማን ያዘልሽ?»

«ማንም።»

«ብቻሽን መጣሽ?»

«አዎ አባዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። የመጣው ረሃብ ነው። ድንች ገዝቼ እዚያው ቆሜ በላሁ፤ አዋዜው አፌን አቃጠለኝ።

ኋላ ከዘመድ እንደሰማሁት፣ አባዬ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጨርቅ የሚወጣበት ሰርግ ላይ አልባርክም ብለው ቀርተዋል። መጀመሪያ ተቀየሟቸው፤ ኋላ መሪጌታ የማይባርኩት ሰርግ ይከብዳል እየተባለ በኛ ቀበሌ ነገሩ እየቀረ ሄደ። ለኔ ግን ስለዚህ አንድ ቃል ነግረውኝ አያውቁም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ጋ ናቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የማጥባቸው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ሰሞን ልብሳቸውን ሳወልቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር፤ ከሲታ ጀርባቸው ብቻ ይታየኛል። «ሴት ልጅ እንዲህ አባቷን ታያለች?» ይሉኝ ነበር። «ሰውነት ነው፣ አባዬ» እላቸዋለሁ። አሁን አያዞሩም። ክንዳቸውን ራሳቸው ያነሡልኛል፣ እኔም ብብታቸውን እያሸሁ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ምን ይሰማሻል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ብዙ የምለው የለኝም። ውኃው ሳይቀዘቅዝባቸው ለመጨረስ እቸኩላለሁ።