የአራተኛው ጥግ ቅስት

ቀለም የተሰመረበት የፕላን ወረቀት በምላጭ ሲፋቅ የሚያወጣው ደረቅ ድምፅ፣ ዛሬም አንድ ሰው ሎተሪ በሳንቲም ሲፍቅ በሰማሁ ቁጥር ይመለስብኛል። አባቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ድራፍትስማን፣ ፕላን ነዳፊ ነበር፤ ሥራ ሲበዛበት ፕላኑን ጠቅልሎ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ያመጣና የራት ጠረጴዛውን አስለቅቆ ይሠራ ነበር። የቀለም ስሕተት በላጲስ ስለማይጠፋ፣ የተሳሳተውን መስመር በምላጭ ይፍቀው ነበር።

ቤታችን መስቀለኛ መንገድ ጥግ ላይ ነበር። ከማዕዘኑ ትንሽ ገባ ብላ የእናቴ የስፌት ክፍል ነበረች። በበጋ፣ ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ፣ ሴቶች ከአጋሮ ሳይቀር እየመጡ ልብስ ያሰፉ ስለነበር የስፌት መኪናዋ እስከ ጥር አያርፍም ነበር። እናቴ ያቺን ክፍል ከአባቴ ደመወዝ የበለጠ ታምናት ነበር።

በጋው ሳይወጣ መንገዱ ይሰፋል ተባለና፣ መኪና እንደ ልብ እንዲታጠፍ የአራቱም ጥግ ሹል ተቆርጦ በአሥር ሜትር ቅስት እንዲተካ ታዘዘ፤ ፕላኑም ለአባቴ ተሰጠ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የቅስትን ማእከል ማግኘት ያስተማረኝ ያኔ ነው። ከአንዱ አጥር አሥር ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ትይዩ መስመር ማስመር፣ ከሌላውም አጥር እንዲሁ፣ ሁለቱ በሚቋረጡበት ነጥብ ላይ የኮምፓሱን መርፌ ተክሎ በዚያው በአሥሩ ልክ ማዞር ነው፤ ቅስቱ ሁለቱንም አጥር ለስለስ ብሎ ይነካል እንጂ አይቆርጥም። የሦስቱን ጎረቤት ጥግ እኔ በእርሳስ ሠርቼ እሱ በቀለም ደገመው። ከፊት ለፊታችን ያለው የአባ ቢያ ሱቅ በረንዳ በቅስቱ ተቆርጦ ሲሄድ ምንም አልተሰማኝም፤ እንዲያውም እጄ ቀና በማለቱ ኮርቼ ነበር። አራተኛው ጥግ የኛ ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር እናቴ አላስችል አላት። «ስድስት ብታደርገው ማን ይለካሃል?» አለችው። በስድስት ቢሆን ክፍሏ ትተርፋለች።

«አባ ቢያን ምን ልበላቸው?» አላት። አባ ቢያ በዚያው ጠዋት አጥራችን ድረስ መጥተው፣ «ማሎ፣ እባክዎ አቶ ታፈሰ፣ ለእርስዎስ ስንት ተባለ?» ብለው ጠይቀውት፣ «አሥር ነው፣ እንደ እርስዎ» ብሏቸው ነበር።

ፕላኑ ሰኞ መግባት ነበረበት። ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ለቅሶ ሊደርስ ሲወጣ፣ ማእከሉን እሱ ባስቀመጠው ቦታ ትቼ፣ ኮምፓሱን ከአሥሩ ሰፋ አድርጌ ከፍቼ፣ የእናቴን ክፍል በውጭ በኩል አልፎ የሚሄድ ቅስት በቀለም አዞርኩ። ተመልሶ ሲያየው አልተቆጣም። ቅስቱና የአጥሩ መስመር የተገናኙበትን ስብራት በጣቱ እያሳየ፣ «መኪናው እዚህ ሲደርስ ምን ይሁን፣ ይዝለል?» አለኝ። ከዚያ ምላጩን አንሥቶ ቀስ እያለ ፋቀው፣ የሻከረውን ወረቀት በጥፍሩ ጀርባ አለሰለሰና ኮምፓሱን አስያዘኝ።

«አሁን ትክክለኛውን ሥሪው።»

ሠራሁት። አባቴን የዚያን ዕለት ያህል ጠልቼው አላውቅም።

ግንቦት ሳያልቅ ክፍሏ ፈርሳ የስፌት መኪናው መኝታ ቤት ገባ። ክረምቱን በሙሉ እናቴ አባቴን አላናገረችውም፤ አጠገቧ ተቀምጦ እያለ እንኳ «ለአባትሽ ራት ቀርቧል በይው» ትለኝ ነበር። እሱም ክፍሏን የቆረጠውን መስመር ያሰመረው ማን እንደሆነ አልተናገረም። እኔም ፈሪ ስለነበርኩ ዝም አልኩ። መስከረም ላይ ታረቁ፤ የአጋሮ ደንበኞቿ ግን ጓዳ ድረስ ገብተው የሚያሰፉ አልሆኑም፣ አንድ በአንድ ቀሩ።

የአባቴ ዓርባ ካለፈ በኋላ፣ ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ መስመሩን ያሰመርኩት እኔ እንደሆንኩ ለእናቴ ነገርኳት። ክር በመርፌ ልታስገባ ዓይኗን አጥብባ ነበር።

«ድሮ ነው ያወቅኩት» አለች። «ከለቅሶ ሲመለስ ሻይ ብሰጠው እጁ እየተንቀጠቀጠ ግማሹን ጭኑ ላይ ደፋው። በዚያ እጅ ያ መስመር አይወጣም።»

«ታዲያ ለምን እሱን አኮረፍሽው?»

«ማንን ላኩርፍ? አንቺን?»

ዛሬ እኔም በዚያው ሙያ እተዳደራለሁ። ኮምፓሱም ምላጩም ቀርተዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥር ሲጻፍ ማእከሉ ራሱ ይገኛል፣ ወጣት ባልደረቦቼም አንድ ሰፈር ሙሉ ጥግ ከምሳ በፊት ይጨርሳሉ። እኔ እዘገያለሁ። ጥጉ ላይ ቤት ካለ፣ ሄጄ በሩን አንኳኩቼ ማን እንደሚኖርበት ሳላይ ቁጥሩን አልጽፍም። ካየሁ በኋላ ግን እጽፈዋለሁ።