እየተነሳች የምትጠፋ መኪና

ከጎንደር የወጣነው እናቴን ወንዛዬ ፍል ውሃ ላስገባት ነው። እማዬ ግማሽ ጎኗ ከዛለ ወዲህ ከግቢያችን ውጪ እግሯን አላነሳችም። ሰው ደግፎኝ ስሄድ አልታይም ትላለች። በስንት ልመና እሺ ስትል እንኳ አስረግጣ ነው፦ «መንገድ ላይ ከተመለስን ሁለተኛ ውጪ እንዳትይኝ።» እማዬ አንዴ ያለችውን አትለቅም። ስለዚህ ውሃው ቢያድናትም ባያድናትም መድረስ ነበረብን።

መኪናዬ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ክረምት ላይ ጎርፍ ገብቶባት ወለሏ ረጥቦ ነበር፤ ደርቋል ብዬ ረስቼዋለሁ።

እስከ ፎገራ ሜዳ

ማክሰኝትንና እንፍራንዝን ያለ ችግር አለፍን። እማዬ ከኋላ ወንበር ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ሰው ሲያያት አንገቷን ደፋ፣ ሰው ሲያልፍ ቀና እያደረገች ታያለች። አዲስ ዘመን ላይ የሞተር ምልክት ያላት ቢጫ መብራት በራች። መኪናዋ እንደ ተናደደ በቅሎ ትዘልል፣ ትቆም፣ ትዘልል ጀመር። ለምን እንደሆነ ስላልገባኝ ሬዲዮኑን አጠፋሁት። ምን እንደሚረዳ እንጃ።

ሜዳው ላይ ስንወርድ የሩዝ አጨዳ ነው። የተወቃው ሩዝ አስፋልቱ ዳር በሸራ ላይ ተሰጥቷል። ወረታ መግቢያ ላይ ሞተሩ ጭራሽ ጠፋና መኪናዋ በራሷ እየተንከባለለች ወደ አንዱ ሸራ አመራች። «ኧረ ሩዙን! ሩዙን!» ብላ አንዲት ሴት መጥረጊያዋን ይዛ ፊታችን ቆመች። ለጥቂት ዳንን። ሴትዮዋ እኔን ሰድባ ስትጨርስ ሰው ጠርታ ራሷም አብራ ገፋችን።

ወረታ፣ ረፋድ

የደብረ ታቦር መገንጠያ አጠገብ ያገኘነው የመኪና ኤሌክትሪሽያን ደረጀ ይባላል። ከጋቢናው ወለል ስር ትንሽ የብረት ሳጥን አወጣና ከፈተው። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል።

«የሞተሩ ኮምፒውተር ይኸ ነው። ውሃ በልቶታል።»

«ይቺ አሮጌ ኮምፒውተር አላት እንዴ?»

«ቤንዚኑንም እሳቱንም የሚያዝ እሱ ነው። ሌላ እንፈልግ እንጂ ይኸ አይድንም።»

መኪና ስነዳ የኖርኩት ማን እያዘዘኝ እንደሆነ ሳላውቅ ነው ማለት ነው። ደረጀ ከከተማው ወጣ ብሎ የእኔዋን የምትመስል መኪና ተገልብጣ ከተጎዳች ወዲህ ቆማ እንደቀረች ያውቃል። እማዬ ከመኪናው አልወርድም ስላለች መስኮቱን ገርበብ አድርጌላት በባጃጅ ሄድን።

የመኪናዋ ባለቤት አያ ስጦታው የሩዝ ገበሬ ናቸው። አውድማ ላይ ነበሩና ሥራቸውን እስኪጨርሱ ባለቤታቸው ሩዝና ጤፍ የተቀላቀለበት እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን። መኪናዋ ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች። ደረጀ ዶሮዋን ሳያስነሳ እጁን አሾልኮ ኮምፒውተሩን ፈታ። ዋጋውን ያለ ክርክር ተስማማን። አያ ስጦታው መርቀው ሸኙን።

ወረታ፣ ከሰዓት

ደረጀ ኮምፒውተሩን ገጠመ። ቁልፉን ባዞረው ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፤ እልል ልል አፌን ስከፍት ጠፋ። ደግሞ አዞረ፤ ተነሳ፣ ጠፋ። ባትሪውን ለካ፣ ፊውዙን ሁሉ አየ፣ ቤንዚኑን ቀድቶ አሸተተ። ሁሉም ደህና ነው ይላል፤ መኪናዋ ግን ትነሳለች፣ ትጠፋለች። ጭርሱን እንቢ ብትል ይሻለኝ ነበር። በዚያ ላይ መካሪ በዛ። አንዱ ቤንዚን ውስጥ ውሃ አለ ይላል፣ አንዱ አግድሙን ግፏት ይላል። አንድ መሪጌታ ቆም ብለው «አማትበሽ አስነሺ» አሉኝ። አማትቤ አስነሳሁ፤ ጠፋች። «በርቺ» ብለውኝ ሄዱ።

እማዬ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። በመጨረሻ ጠራችኝ። «እንግዲህ ወደ ጎንደር የሚመለስ መኪና ፈልጊ።»

ከዚህ ከተመለስን አበቃ፤ ቀሪ ዘመኗን ግድግዳ ስታይ ልትኖር ነው።

አያ ስጦታው ለጉዳይ ከተማ ገብተው ኖሮ በዚሁ መሃል ደረሱ።

«ተነሳች?»

«ትነሳለች፣ ትጠፋለች» አለ ደረጀ። «ምናልባት የእርስዎም ኮምፒውተር ተበላሽቶ ይሆን?»

«የኔዋ? ኧረ ተወኝ! ተገልብጣ እንኳ በቁልፏ ነክቻት ተነስታለች።»

ደረጀ ካጎነበሰበት ቀና አለ። «አያ ስጦታው፣ ቁልፏ የት ነው?»

«ቤቴ ነዋ! ከብት ሲሸጥ ገመዱ ይሸጣል? ገመዱ ከሄደ በረከቱም ተከትሎ ይሄዳል።»

ደረጀ ግንባሩን መታ። ነገሩን እንዳስረዳን ከሆነ፣ ይኼ ኮምፒውተር የሚያውቀው የዱሮ ቁልፉን ብቻ ነው። የእኔን ቁልፍ ሲያይ ሌባ መስሎት ሞተሩን ያጠፋዋል። ይህን እስኪነግረኝ ድረስ አንድ ሳጥን ቁልፍ እንደሚለይ የት አውቄ!

«እንግዲያ ቁልፉን ያምጡልን።»

«አላመጣም። ይሽጡልን ያላችሁት ሳጥኑን ነው፤ ሸጥኩ። ገመድ ግን አልሸጥም።»

ልለምናቸው ስል ከኋላዬ የመኪናው በር ተከፈተ። እማዬ ደህናዋን እግሯን አወጣች፣ ቀጥላ በእጇ ደግፋ ሁለተኛውን። በሩን ይዛ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመች።

«ወንድሜ፣ አይስጡ። አባቴም ገመድ ሰጥቶ አያውቅም።»

ክው አልኩ። ከማን ጋር ናት?

አያ ስጦታው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ኩራታቸው ለዘብ አለ። «መታመምዎን አላወቅሁም። ወዴት ነው መንገዱ?»

«ወንዛዬ ነበር። ካልሆነም ይቅር።»

«አይዶለም፣ አይቀርም» አሉና ወደ ደረጀ ዞሩ። «ስማ፣ ከቁልፏ የትኛው ነው የሚያስፈልግህ? ብረቷ ነው?»

«ብረቷን ምን አደርጋታለሁ? ጥቁሩ እጀታ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እሷን ነው።»

«ምነው ቀድመህ ብትናገር! ብረቷ ትቅርልኝ እንጂ እጀታዋን ውሰድ። ገመድ ማለት ብረቷ ናት።»

በባጃጅ ሄደው ቁልፉን አመጡ። ደረጀ እጀታውን ሰንጥቆ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነገር አወጣ። መሪው ስር፣ ቁልፍ በሚገባበት አጠገብ በፕላስተር ለጠፋት። ብረቷን አያ ስጦታው በመሐረብ ቋጥረው ኪሳቸው ከተቱ። አስነሳሁ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። አልጠፋችም። እማዬ መጨረሻችንን ልታይ ከመጣችው ባለ ሩዟ ሴትዮ ጋር ተያይዛ እልል ስትል ቆማ መሆኗን ረስታዋለች።

ወንዛዬ

ወረታ አድረን ጠዋት ወደ ወንዛዬ ተነሳን። ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ አቧራውና ጉድጓዱ መከራ ነበር፤ አንዴም አልጠፋችም። የማናውቃቸው ሴቶች እማዬን ግራና ቀኝ ይዘው እንፋሎቱ ውስጥ አስገቧት። ፊቷ ቲማቲም እስኪመስል ድረስ ቆየች።

እግሯ ለውጥ የለውም። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ እንደ ሄደች ነው የተመለሰችው።

ጎንደር

ሰፈራችን ስንደርስ ጎረቤቶች በር ላይ ነበሩ። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ነጠላዋን ትስባለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳበችም። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ መኪናዬ ለምን እንደቆመች አሁን ገብቶኛል። እናቴን ምን እንዳስነሳት ግን አልገባኝም። ውሃው ይሁን፣ የገመዱ ክርክር ይሁን፣ የገፋችን ሴትዮ ትሁን እኔ እንጃ። ጠይቄያት ነበር፤ «መንገድሽን እይ» አለችኝ።

በራችን ላይ አቁሜ ሞተሩን ላጠፋ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ።

«አታጥፊው።»

«እማዬ፣ ተሠርታለች እኮ፤ ትነሳለች።»

«አውቃለሁ። አዘዞ መልሰሽ አድርሺኝ። እህቴን ሳላያት ስንት ጊዜዬ ነው።»

«አሁን?»

«አሁን ነዋ!»

መኪናዋን አዞርኩ።